ቂጥኝ ከተገኘባት እናት የተወለደ ሕፃን፦ 10 ቀን መርፌ፣ አንድ መርፌ ወይስ ክትትል ብቻ?

በአንድ የወሊድ ክፍል ሦስት እናቶች ጎን ለጎን ተኝተዋል እንበል። የሦስቱም ደም ላይ ቂጥኝ ተገኝቷል። የአንደኛዋ ልጅ 10 ቀን ሆስፒታል ተኝቶ መርፌ እንዲወጋ ታዘዘ። የሁለተኛዋ ልጅ ጭኑ ላይ አንዴ ተወግቶ ወደ ቤቱ ሄደ። ለሦስተኛዋ ልጅ ምንም አልተሰጠውም፤ «በቀጠሮ ያምጡት» ብቻ ተባለ። ከዚያ እናቶቹ ማውራት ይጀምራሉ። የ10 ቀኗ «የኔን ልጅ ምን ቢያገኙበት ነው?» ብላ ትጨነቃለች። ሦስተኛዋ ደግሞ «ችላ ብለውኝ ነው» ብላ ሆድ ይብሳታል።

ሦስቱም ትእዛዞች ግን ልክ ሊሆኑ ይችላሉ። ለየትኛው ልጅ የትኛው እንደሚስማማ የሚወስነው ሐኪሙ ነው። ቢሆንም በመሃል ወላጅ የሚመርጥባቸው፣ ቢያንስ የሚጠየቅባቸው ቦታዎች አሉ። እዚያ ላይ ሳያውቁ «እሺ» ወይም «እምቢ» ማለት በኋላ ያስከፍላል። የኔን አቋም ከአሁኑ ልናገር፦ መድኃኒት ከመምረጣችሁ በፊት ለራሳችሁ በሐቅ መመለስ ያለባችሁ ጥያቄ «ልጁን በ3 ወሩ እና በ6 ወሩ መልሰን እናመጣዋለን ወይ?» የሚለው ነው። ሌላው ሁሉ ከዚህ በኋላ ይመጣል።

ነገሩ ከእናትየዋ ካርድ ይጀምራል

የሕክምናውን ልዩነት የሚያመጣው ብዙ ጊዜ የሕፃኑ መልክ አይደለም። በማህፀን እያሉ ቂጥኝ የያዛቸው አብዛኞቹ ሕፃናት ሲወለዱ ምንም አይታይባቸውም። ይጠባሉ፣ ያለቅሳሉ፣ ክብደታቸውም ደህና ነው። ምልክቱ ብቅ የሚለው ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ነው። ስለዚህ ሐኪሙ ቀድሞ የሚያገላብጠው የእናትየዋን የእርግዝና ክትትል ካርድ ነው። በምን መድኃኒት ታከመች? ስንት ጊዜ ተወጋች? ሕክምናው የተጀመረው ከመውለዷ ስንት ቀን በፊት ነው? ከዚያ በኋላ የደሟ ቁጥር (የቂጥኝ ደም ምርመራዋ በቁጥር ሲለካ፤ በኋላ እመለስበታለሁ) ወረደ ወይ?

ነፍሰ ጡር ላይ የሚቆጠረው መድኃኒት ፔኒሲሊን ብቻ ነው። ቤንዛቲን ፔኒሲሊን 2.4 ሚሊዮን ዩኒት ነው የሚሰጠው። በሽታው በቅርብ የያዛት ከሆነ አንዴ፣ የቆየ ወይም መቼ እንደያዛት የማይታወቅ ከሆነ በየሳምንቱ ሦስት ጊዜ። ኤሪትሮማይሲን የወሰደች እናት ልጇ ማህፀን ውስጥ እያለ ታክሟል አይባልም። ፔኒሲሊኑ የተጀመረው ከመውለዷ 30 ቀን ሳይሞላ ከሆነም እንደዚያው። ሦስት መርፌ ታዞላት ሦስተኛውን ሳትወስድ የቀረች እናትም በዚህ ሒሳብ በደንብ እንደታከመች አትቆጠርም። ይሄ ብዙ ሰው ያበሳጫል። «ሁለቱን ወስጃለሁ እኮ!» ይባላል። ግን የጎደለችው አንዷ መርፌ ናት ልጁን ከ«ክትትል ብቻ» ወደ «10 ቀን» የምታሻግረው።

ካርዱ ጠፍቶ ከሆነ ደግሞ ያልተጻፈ ሕክምና እንዳልተሰጠ ይቆጠራል። ክትትል ያደረጋችሁበት ጤና ጣቢያ መዝገብ ላይ ይኖራልና አባትየው ወይም እህት ሄደው ያስፈልጉት። አንድ የግማሽ ቀን ምልልስ ለልጁ የ10 ቀን መርፌ ሊያስቀርለት ይችላል።

የአባትየውም ጉዳይ አለ። እሷ ታክማ እሱ ካልታከመ እንደገና ሊይዛት ይችላል። ሐኪሙ «ባለቤትሽስ?» ብሎ ቢጠይቅ ትዳር ሊያፈርስ ፈልጎ አይደለም። መልሱ የልጁን ሕክምና ስለሚለውጠው ነው።

10 ቀን፦ በደም ሥር ወይስ በጡንቻ?

የ10 ቀን ሕክምና የሚታዘዘው ለሁለት ዓይነት ልጆች ነው። አንደኛው በሽታው በግልጽ የታየበት ነው። አፍንጫው ንፍጥ የሚያዘወትር፣ ጉበቱና ጣፊያው ያበጠ፣ መዳፉና የውስጥ እግሩ ላይ የሚላጥ ሽፍታ ያለበት፣ አንድ እጁን ወይም እግሩን ሲነኩት የሚጮህና የማያንቀሳቅስ ሊሆን ይችላል። የደም ቁጥሩ ከእናቱ አራት እጥፍ ወይም ከዚያ በላይ የሆነም እዚሁ ይመደባል። ለዚህ ልጅ ምርጫ የለም፤ 10 ቀን ነው፣ አለቀ።

ሁለተኛው መልኩ ደህና ሆኖ እናቱ በደንብ ያልታከመች ልጅ ነው። ምርጫ የሚመጣው እዚህ ጋ ነው።

በደም ሥር የሚሰጠው ክሪስታላይን ፔኒሲሊን ነው። ለእያንዳንዱ ኪሎ 50,000 ዩኒት ሆኖ፣ በመጀመሪያው የሕይወት ሳምንት በየ12 ሰዓቱ፣ ከዚያ በየ8 ሰዓቱ ይሰጣል። ጥቅሙ ወደ አንጎል ፈሳሽ በደንብ መዝለቁ ነው። ጉዳቱ ሆስፒታል ማስተኛቱ ነው። አራስ እናት ወንበር ላይ ታድራለች፣ ካኑላው (ደም ሥር ውስጥ የሚቀመጠው ቀጭን ቱቦ) በየሁለት በሦስት ቀኑ ይበላሽና ሌላ ደም ሥር ይፈለጋል፣ ቤት ያሉ ልጆች ለሰው ይተዋሉ።

ፕሮኬይን ፔኒሲሊን በቀን አንዴ ጭን ላይ ይወጋል። መጠኑ በኪሎ ያው 50,000 ዩኒት ነው። እየተመላለሱ መወጋት ይቻላል፤ ጤና ጣቢያው ቅርብ ከሆነ ቤታችሁ እያደራችሁ ትጨርሱታላችሁ። ወረቀት ላይ ሲታይ ቀላሉ ይሄ ነው። ችግሩ 10ሩ ቀን ሳይቆራረጥ መሆን አለበት። ከአንድ ቀን በላይ ከተዘለለ ከዜሮ ነው የሚጀመረው። እኔ ብሆን ፕሮኬይንን ከመምረጤ በፊት አንድ ነገር እጠይቃለሁ፦ «እሁድና በዓል ቀን ማን ይወጋልኛል?» በመሃል ፋሲካ ወይም እንቁጣጣሽ ከገባ፣ ተረኛ ነርስ መኖሩንና መድኃኒቱ በእጃቸው መሆኑን ከወዲሁ አረጋግጡ። መልሱ «እናያለን» ከሆነ ሆስፒታል መተኛቱ ይሻላል።

ብዙ ቤተሰብ የሚደናገርበት ሌላ ነገር አለ። ሕፃኑ ሲወለድ ኢንፌክሽን ተጠርጥሮ አምፒሲሊንና ጄንታማይሲን ተጀምሮለት ሊሆን ይችላል። በአራተኛው ቀን የቂጥኙ ውጤት ይመጣና ሌላ 10 ቀን ይባላል። «አራቱን ቀን ቀንሱልን» የሚል ጥያቄ ይነሳል። አምፒሲሊን የፔኒሲሊን ዘመድ ነው፤ ጥያቄው የዋህ አይደለም። ያም ሆኖ የሚመከረው የፔኒሲሊኑን 10 ቀን ሙሉውን መስጠት ነው።

ከጀርባ የሚወሰደው ፈሳሽ

ይሄ ብዙ ቤት የሚያጨቃጭቅ ነው። አያት «ልጁን ሽባ ያደርጉታል» ትላለች፣ አባት አይፈርምም፣ እናት ታለቅሳለች። በእርግጥ ምርመራው ለማየት ደስ አይልም። መርፌው ግን የሚገባው ከሕብለ ሰረሰሩ ጫፍ በታች ባለው ቦታ ነው። የሚፈለገው ጥቂት ጠብታ ፈሳሽ ነው፤ በሽታው ወደ አንጎል መድረሱን ለማወቅ።

ከመፈረማችሁ ወይም እምቢ ከማለታችሁ በፊት ግን የሚከተለውን እወቁ። እናቱ በደንብ ላልታከመች፣ መልኩ ግን ደህና ለሆነ ልጅ «አንድ መርፌ ብቻ» የሚለው አማራጭ የሚከፈተው ሦስት ነገር ተሟልቶ ነው። የጀርባው ፈሳሽ፣ የደም ሴል ቆጠራውና የረጃጅም አጥንቶች ራጅ ሦስቱም ተሠርተው ንጹሕ መሆን አለባቸው፣ በዚያ ላይ ክትትሉ አስተማማኝ መሆን አለበት። ፈሳሹ አይወሰድ ካላችሁ ያ በር ተዘጋ፤ 10 ቀኑን ትገባላችሁ። ፈሳሹ ተወስዶ ደም ከተቀላቀለበትና ውጤቱ ካልታወቀም ያው ነው።

በተቃራኒው ደግሞ 10 ቀኑን ለመውሰድ አስቀድማችሁ ከወሰናችሁ፣ መልኩ ደህና ለሆነው ልጅ ፈሳሹ የግድ ላይሆን ይችላል። ሐኪሙን «ውጤቱ ሕክምናውን ይለውጠዋል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁት። «አይለውጠውም፣ ለኋላ ማነጻጸሪያ ነው» ካላችሁ ተነጋገሩበት። በሽታው በግልጽ የታየበት ልጅ ከሆነ ግን አትከራከሩ። ፈሳሹ ያስፈልጋል።

አንዱ መርፌ

ቤንዛቲን ፔኒሲሊን፣ በኪሎ 50,000 ዩኒት፣ አንድ ጊዜ። ሦስት ኪሎ ለሆነ ልጅ 150,000 ዩኒት ማለት ነው። ጡንቻ ውስጥ ሆኖ ለሳምንታት ቀስ እያለ ይለቀቃል። በደም ሥር ፈጽሞ አይሰጥም፤ ልብና ትንፋሽ ያቆማል። ባለሙያ የሚያውቀው ነገር ነው፣ ቢሆንም ክሪስታላይንና ቤንዛቲን ሁለቱም «ፔኒሲሊን» ስለሚባሉ «የትኛው ነው?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም።

ደካማ ጎኑ ወደ አንጎል ፈሳሽ በበቂ መጠን አለመድረሱ ነው። ስለዚህም ነው ከላይ ያሉት ምርመራዎች ንጹሕ መሆን ያለባቸው።

አሁን የሚያምታታውን ልንገራችሁ። ይህችው አንድ መርፌ ለሁለት በጣም ለተለያዩ ልጆች ትሰጣለች። ለመጀመሪያው፣ እናቱ በደንብ ላልታከመችውና ምርመራው ንጹሕ ለሆነው፣ ሙሉ ሕክምናው እሷው ናት። ተጠራጥረን ያሳጠርነው ስለሆነ ክትትሉን መዝለል በፍጹም አይቻልም። ለሁለተኛው፣ እናቱ በእርግዝናዋ በደንብ ለታከመችው፣ መጠባበቂያ ናት። ምናልባት ካመለጠን፣ ምናልባት ቤተሰቡ ካልተመለሰ ተብላ የምትሰጥ። ለዚህኛው ልጅ ፈሳሽም ራጅም አያስፈልገውም።

እና ልጃችሁ አንድ መርፌ ተወግቶ ሲወጣ «በየትኛው ምክንያት?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ካርዱ ላይም ይጻፍ። መርፌው አንድ ስለሆነ በሽታው ቀላል ነው ብሎ ማሰብ በጣም የተለመደ ነው። የ10 ቀኗ እናት ቀጠሮዋን ታከብራለች፣ ፈርታለችና። የአንድ መርፌዋ እናት ናት የምትረሳው። ከሁሉ የበለጠ ክትትል የሚፈልገው ግን የሷ ልጅ ሊሆን ይችላል።

ምንም ሳይሰጥ መከታተል

ይህ የሚሆነው እናትየዋ በደንብ ታክማ የደሟ ቁጥር በሚገባ ከወረደ፣ ወይም ከማርገዟ በፊት ታክማ ቁጥሯ ዝቅ ብሎ ባለበት ከቆየ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም መልኩ ደህና ለሆነና እናቱ በደንብ ለታከመች ልጅ የቅርብ ክትትልን እንደ አማራጭ ያስቀምጣል።

በወረቀት ላይ ጥሩ ምርጫ ነው። ልጁ አይወጋም፣ በየሁለት ሦስት ወሩ ይታያል፣ በ6 ወሩ ደሙ ንጹሕ ከሆነ ጉዳዩ ይዘጋል። ግን ቤታችሁ ከጤና ተቋሙ የአንድ ቀን መንገድ ከሆነ፣ ወይም ለአራስነት እናታችሁ ቤት መጥታችሁ ከሁለት ወር በኋላ ወደ ሌላ ክልል የምትመለሱ ከሆነ፣ ይህን አማራጭ አትውሰዱ። «እንመለሳለን» ብሎ ለሐኪም ቃል መግባት ቀላል ነው። ከጥርጣሬ ጋር ከመሄድ አንዷን መርፌ ጠይቆ መውሰድ ይሻላል። ሐኪሙም «መመለሳችን አያስተማምንም» ብትሉት አይቆጣም። የሚያስፈልገው መረጃ እሱ ነው።

የትኛው የደም ምርመራ?

ክትትል የሚበላሸው በብዛት እዚህ ላይ ስለሆነ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልጻፈው።

የቂጥኝ የደም ምርመራ ሁለት ቤተሰብ ነው። አንደኛው አርፒአር እና ቪዲአርኤል ናቸው። እነዚህ በሽታው ሲነሳ ይወጣሉ፣ ሲታከም ይወርዳሉ። ውጤታቸውም በቁጥር ሊሰጥ ይችላል፦ 1:2፣ 1:4፣ 1:8፣ 1:16፣ 1:32 እያለ። ሐኪሞች «ታይተር» የሚሉት ይህንን ነው። ሁለተኛው ቤተሰብ ቲፒኤችኤ እና በጣት ደም ወዲያው የሚሠራው ፈጣን ምርመራ ናቸው። ጤና ጣቢያ ነፍሰ ጡሮች ከኤችአይቪ ጋር አብረው የሚመረመሩበት መሣሪያም ከነዚህ ነው። አንዴ ፖዘቲቭ ያለ ሰው ታክሞ ቢድንም አብዛኛውን ጊዜ ዕድሜ ልኩን ፖዘቲቭ ይላል።

የእናት የመከላከያ አካላት በእንግዴ ልጅ በኩል ወደ ልጁ ያልፋሉ። ስለዚህ ልጁ ባይያዝም ደሙ ፖዘቲቭ ሊል ይችላል። በፈጣኑ መሣሪያ ከታየ ይህ የእናት ትርፍ ከ15 ወር በላይ ሊቆይ ይችላል። እንግዲህ አስቡት። በ6 ወሩ ልጁን ቅርብ ወዳለ ክሊኒክ ወስዳችሁ በፈጣኑ መሣሪያ ብታስመረምሩት «ፖዘቲቭ ነው» ይሏችኋል። ቤቱ ይረበሻል፣ ልጁ ያለ ምክንያት ሊወጋ ይችላል። ምርመራው የተሠራው በትክክል ነው፤ ለዚህ ጥያቄ ግን መልስ የለውም።

ለክትትል የምትፈልጉት አርፒአር ወይም ቪዲአርኤል ነው፣ እሱም በቁጥር። «ፖዘቲቭ» ብቻ የሚል ወረቀት አይበቃም። ላቦራቶሪው በቁጥር እንደሚሠራ ደም ከመሰጠቱ በፊት ጠይቁ። ሁለቱን ማቀላቀልም አይቻልም። ሲወለድ በአርፒአር ከተሠራ በ3 ወሩም በአርፒአር ይሠራ፣ ቢቻል እዚያው ላቦራቶሪ። አርፒአር ብዙ ጊዜ ከቪዲአርኤል ትንሽ ከፍ ያለ ቁጥር ስለሚያሳይ፣ የአንዱን ከሌላው ጋር ማነጻጸር ያሳስታል።

ቁጥሩን ስታነቡ አንድ ደረጃ ወደ ላይም ወደ ታችም ማለት ምንም ማለት አይደለም። 1:8 የነበረው 1:16 ቢሆን ወይም 1:4 ቢሆን የምርመራው የራሱ መወላወል ሊሆን ይችላል። የሚቆጠረው ሁለት ደረጃ፣ ማለትም አራት እጥፍ ነው። እናት 1:8፣ ልጅ 1:32 ከሆነ ልጁ ተይዟል። እናት 1:32፣ ልጅ 1:8 ከሆነ ግን «ከእናቱ አነሰ፣ ነፃ ነው» አይባልም። የተያዙ ልጆችም ከእናታቸው ያነሰ ቁጥር ሊኖራቸው ይችላል።

ሲወለድ የሚመረመረው ደም ከልጁ ከራሱ የተቀዳ እንጂ ከእትብት የተወሰደ እንዳይሆንም ተመልከቱ። የእትብት ደም ከእናት ደም ጋር ሊቀላቀልና ውጤቱን ሊያዛባ ይችላል።

ቀጠሮዎቹ፣ እና ማንም የማይመጣበት ወር

ደሙ ፖዘቲቭ የነበረ ልጅ ሁሉ፣ ቢታከምም ባይታከምም፣ ደሙ ንጹሕ እስኪሆን በየሁለት ሦስት ወሩ ይታያል። በ3 ወሩ ቁጥሩ መውረድ መጀመር አለበት። ያልታከመና ያልተያዘ ልጅ በ6 ወሩ ንጹሕ ይሆናል። በ6 ወሩ አሁንም ፖዘቲቭ ከሆነ ተይዟል ተብሎ ይታከማል። ታክሞ የነበረ ልጅ ደግሞ ከ6 እስከ 12 ወሩ ቁጥሩ አልወርድ ካለ እንደገና ይመረመራል፣ የጀርባ ፈሳሹም ይታያል፣ ምናልባት ሌላ 10 ቀን ይሰጠዋል። ሲወለድ የራሱ ደም ኔጌቲቭ የነበረና እናቱ ፖዘቲቭ የሆነች ልጅም በ3 ወሩ ይደገምለታል፤ በወሊድ ሰሞን የተያዘ ከሆነ ደሙ ገና ላያሳይ ይችላል።

ኢትዮጵያ ውስጥ ለሚኖር ቤተሰብ እነዚህን ቀጠሮዎች ከክትባት ካርዱ ጋር ማሰር ጥሩ ነው። የ14ኛ ሳምንቱ ክትባት ከ3 ወሩ ምርመራ ጋር ይገጥማል። የ9 ወሩ የኩፍኝ ክትባት ሌላ ቀጠሮ ይሆናል። የ15 ወሩም እንዲሁ። ችግሩ ከ14ኛው ሳምንት እስከ 9ኛው ወር ብዙ ቤተሰብ ጤና ጣቢያ አይረግጥም። ከሁሉ ወሳኙ የ6 ወር ምርመራ የሚወድቀው ደግሞ እዚያ ባዶ ቦታ ላይ ነው። ስልካችሁ ላይ አንድ ማስታወሻ ብቻ የምትይዙ ከሆነ ያንን ያዙ። በ6 ወሩ ቫይታሚን ኤ ይሰጣል፣ ተጨማሪ ምግብም ይጀመራል፤ በዚያ ሰበብ ቀጠሮ ማስያዝ ይቻላል።

የት ልከታተል ለሚል፦ ጤና ጣቢያ ቅርብና የሚያውቃችሁ ነው፣ ግን የቁጥር ምርመራ ሁሉም ዘንድ የለም። ሪፈራል ሆስፒታል ሁሉም አለው፣ ሰልፉ ግን ሙሉ ቀን ይበላል፣ በየጊዜው የሚያያችሁ ሐኪምም ይለዋወጣል። የግል ክሊኒክ ፈጣን ነው፣ ግን የልደት ጊዜውን ታሪክ አያውቅም፤ ወረቀቱን ካልያዛችሁ ከዜሮ ይጀምራል። በኔ እይታ ክብደቱንና ክትባቱን ጤና ጣቢያ፣ ደሙን ግን ሲወለድ የተሠራበት ሆስፒታል ላቦራቶሪ ማድረጉ የተሻለ ነው። እናትየዋ ኤችአይቪም ካለባት ልጁ ለዚያ በሚከታተልበት ክፍል ሁለቱን አንድ ላይ ማስኬድ ይቻላል፤ ሁለት ካርድ ይዞ መዞር አያስፈልግም።

ሰዎች ቀጠሮው ለምን እንደሆነ ሲጠይቋችሁ ዝርዝር የመናገር ግዴታ የለባችሁም። «የደም ክትትል አለው» ይበቃል።

ከደም ውጪ የሚታዩ ነገሮች

በሽታው የታየበት ልጅ ጆሮውና ዓይኑ መታየት አለበት። የመስማት ምርመራው 9 ወር ሳይሞላው ቢሠራ ይመረጣል፤ ሲወለድ ያለፈ ልጅም በኋላ ሊዳከም ይችላል። ሳይታከም የቀረ ቂጥኝ ከ2 ዓመት በኋላ የሚያሳያቸው ነገሮች አሉ፦ የፊት ጥርሶች ጫፋቸው የተጎመደ ሆኖ ይበቅላል፣ የአፍንጫ አጥንት ይሰረጉዳል፣ የዓይን ብሌን ይጠቃል፣ መስማት ይጠፋል። በጊዜ ታክሞ ቁጥሩ የወረደ ልጅ እዚህ ይደርሳል ተብሎ አይጠበቅም።

ቀጠሮ ሳትጠብቁ የምትሮጡባቸው፦ የማይቆም ወይም ደም የቀላቀለ ንፍጥ፣ መዳፍና የውስጥ እግር ላይ የሚወጣ ሽፍታ፣ የዓይን ቢጫ መሆን፣ የሆድ ማበጥ፣ አንድ እጅ ወይም እግር አለማንቀሳቀስ፣ የሚጥል በሽታ። ንፍጡና ሽፍታው ላይ ተህዋሲው ስላለ፣ ሕክምናው ተጀምሮ 24 ሰዓት እስኪሞላ ድረስ በጓንት መንካት ይሻላል።

ጡት ማጥባት ይቻላል። ጡት ላይ የቂጥኝ ቁስል ካለ ግን በዚያ በኩል አይጠባም። ክትባትም እንደማንኛውም ልጅ ይቀጥላል።

ውጭ ላላችሁ

አሜሪካ ውስጥ ይህ የድሮ በሽታ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2023 ብቻ ከ3,800 በላይ እንዲህ ያሉ ልደቶች ተመዝግበዋል፤ ከ2012 ጋር ሲነጻጸር ከ10 እጥፍ በላይ። ስለዚህ «ሀበሻ ስለሆንሽ ነው የመረመሩሽ» የሚለውን ወሬ ተዉት። የልጆች ሐኪም መደበኛ ቀጠሮዎች በ2፣ 4፣ 6፣ 9 እና 12 ወር ስለሆኑ የደም ክትትሉ ያለ ተጨማሪ መንገድ ይገጥማል። የጤና ቢሮ ሰው ቢደውልላችሁ አትደንግጡ፤ በሽታው በሕግ ሪፖርት የሚደረግ ነው። የሚፈልጉትም እናንተና የትዳር ጓደኛችሁ መታከማችሁን ማረጋገጥ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ታክማችሁ ከሆነ የመርፌውን ስም፣ መጠንና ቀን የያዘ ወረቀት አስልኩ፤ በስልክ ፎቶ ቢሆንም ከምንም ይሻላል።

እስራኤል ያላችሁ ደግሞ ጢፓት ሐላብ (የእናቶችና ሕፃናት ጤና ጣቢያው) የሚያየው ክትባትና ዕድገት መሆኑን አስታውሱ። የደም ቁጥሩን የሚከታተለው የኩፓት ሖሊም (የጤና መድኑ ድርጅት) የልጆች ሐኪም ነው። አንዱ ሌላው ያየዋል ብሎ እንዳይተው ሁለቱንም ንገሯቸው። ከዓረብ አገር ለመውለድ ወደ አገር ቤት የምትመለሱ እህቶች የእርግዝና ምርመራችሁን ውጤት ይዛችሁ ኑ። ካልያዛችሁ፣ ከላይ እንዳልኩት፣ ያልተጻፈ ሕክምና እንዳልተሰጠ ይቆጠራል።

ልጁ አድጎ ከተገኘስ?

አንዳንዴ ሁሉም ነገር የሚታወቀው ዘግይቶ ነው። እናትየዋ ለሁለተኛ እርግዝና ስትመረመር ፖዘቲቭ ትላለች፣ የመጀመሪያው ልጅ ደግሞ ዓመት አልፎታል። ያኔ የመጀመሪያውም ልጅ ይመርመር፤ ማንም ሳይነግራችሁ እናንተ ጠይቁ። ከአንድ ወር በላይ የሆነው ልጅ በሽታው ከተገኘበት የአራስ ሒሳቡ አይሠራለትም። የጀርባ ፈሳሹና ሌሎቹ ምርመራዎች ይታያሉ፤ ክሪስታላይን ፔኒሲሊን በየ4 ወይም በየ6 ሰዓቱ በደም ሥር ለ10 ቀን ይሰጠዋል። ይህን በመመላለስ መጨረስ ስለማይቻል ቤተሰቡ ለመተኛት ተዘጋጅቶ ይሂድ።